ወደ ኋላ የተገፋው አያት

ሰሞኑን የመጨረሻው ልጄ ስልኩን አምጥቶ የአየርላንድ ድንጋዮችን አሳየኝ። ጠርዛቸው ላይ አጫጭር ጭረት ተደርድሯል፤ አንዳንዶቹም መስቀል አላቸው። የአገሩ ቋንቋ መጀመሪያ የተጻፈው እንዲህ ነው፣ የሚለውም «እገሌ የእገሌ ልጅ» ብቻ ነው አለኝ። ሳቄ መጣ። ይህን ወሬ እኔ የሰማሁት እሱ ሳይወለድ፣ ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ደጋው አገራችን ቀየት ላይ ነው።

ያኔ እኔ ጀማሪ መምህር ነበርኩ፤ ከእኛ ጋር እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ አየርላንዳዊም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ መስቀልና «ተክለ ጽዮን» የሚል ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል። ቄሰ ገበዙ በቅሏቸውን ያስሩበት ነበር። ፈረንጁ ግን ተንበርክኮ ዳሰሰው። የእሱም አገር ሰዎች ድሮ፣ ክርስትና ሲገባ፣ ስማቸውን ድንጋይ ላይ ይቀርጹ እንደነበር አወራና «ይህ ሰው የማን አያት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባይጠይቅ ጥሩ ነበር። እስከዚያ ቀን ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰውዬ፣ ሳምንት ሳይሞላ የአገሬው ሁሉ አያት ሆነ።

በዚያው ዓመት ጥር ዘነበችን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። ፈረንጁ ቆጠራውን ልይ ስላለ፣ ለሙሽራ ወግ ባይሆንም አስተርጓሚ ሆኜ እነዘነበች ቤት ገባሁ። ውጭ ውርጩ አጥንት ይሰብራል፤ እኔን ግን ያላበኝ ነበር።

አባቴ በርኖሳቸውን አስተካክለው ቆጠሩ። አራተኛው አያታቸው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ተክለ ጽዮን፣ ባለ ድንጋዩ» አሉ። የዘነበች አባት አቶ ሸዋንግዛው የጠላ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ለካ የእሳቸውም አራተኛ አያት ባለ ድንጋዩ ኖረዋል።

«እንግዲህ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው» አሉ የነፍስ አባታችን።

«እርስዎ ተክለ ጽዮንን ይተዉታ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው አባቴን።

«ልጄ ሌላ ሚስት ያገኛል። እኔ ሌላ ተክለ ጽዮን ከየት አመጣለሁ?» አሉ አባቴ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ።

ያዳኑን የዘነበች እናት ናቸው። የገብስ ቆሎ ይዘው ገብተው «በሰውዬው ምን ያጣላችኋል? ወደ ኋላ ግፉት» አሉ።

ግፊያው ግን ቀላል አልነበረም፤ ከባለ ድንጋዩ መራቅ የወደደ የለም። እንደ በግ ገበያ ተከራከሩ።

«እኔ በመሀል አንድ አባት እጨምራለሁ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

«ሦስት ካልሆነ ሰባት ቤት አያልፍም» አሉ አባቴ።

«እርስዎ ሦስት ከጨመሩ እኔም ሦስት።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው «ዘንግቻቸው ነው እንጂ» እያሉ አድማሱን፣ ቀጥለው ወልዴን፣ ከብዙ ሐሳብ በኋላም ይመኑን አስታወሱ። አቶ ሸዋንግዛውም የራሳቸውን ሦስት አመጡ። የነፍስ አባታችን ጣራ ጣራውን ያዩ ነበር።

«ሰው እንዲህ ያስታውሳል?» አለኝ ፈረንጁ ተደንቆ።

«ያስታውሳል» አልኩት።

ሁለቱም አባቶቻችን አልፈዋል፤ ክርክራቸው ሳይቀር ይናፍቀኛል። ልጄ ዛሬ እስከ ተክለ ጽዮን ድረስ አንድም ሳይስት ይቆጥራል። አድማሱ፣ ወልዴና ይመኑ ጋ ሲደርስ ዘነበች ቀና ብላ ታየኛለች። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ አማቶቼ መደብ ላይ መወለዳቸውን አልነገርነውም። ግን እነሱ ባይወለዱ እሱም አይወለድም ነበር።