ለጃፓንኛ ትምህርት ቤት የተላከ ሽማግሌ

ልጄን የጃፓንኛ ትምህርት ቤት ለማስገባት ሽማግሌ ልኬአለሁ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ያኔ አትላንታ ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። እዚያው አጠገብ ማሪዬታ የሚኖሩ የጃፓን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን በየቅዳሜው ወደ ጃፓንኛ ትምህርት ቤት የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። ልጄም አብራን እየሄደች ከልጆቹ ጋር ጃፓንኛ መኮላተፍ ጀመረች። ብትማር ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ትገባለች፣ እንደ እኔ ሰው ስታመላልስ አትኖርም ብዬ ተመኘሁ። ላስመዘግባት ስሄድ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ግን፣ "እዚህ የሚማሩት ቤታቸው ጃፓንኛ የሚነገር ልጆች ናቸው" ብለው በትሕትና መለሱኝ።

እምቢ ስባል ደሜ ይፈላል። ደግሞስ እኛ አገር እምቢታ ማለት ሽማግሌ ላክ ማለት አይደል? ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ የወሎ አዛውንት ለምኜ፣ ልጄን ይዘን ሄድን። "አብሽር፣ አያሳፍሩንም" አሉኝ መንገድ ላይ።

ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከሳቸው ዝቅ አሉ። ዳይሬክተሩም ከዚያ ዝቅ አሉ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ አልኩ በሆዴ።

ሻይ መጣ። አዛውንቱ ለመኑ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ዳይሬክተሩ በጥሞና ሰምተው፣ "ትምህርት ቤቱን የከፈትነው ልጆቻችን አገር ሲገቡ ከአያቶቻቸው ጋር እንዲነጋገሩ ነው" አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ።

አዛውንቱ ደስ አላቸው። "እሱማ የእኛም ሐሳብ ነው" ብለው ወደ ልጄ ዞሩ። "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ መማር ትፈልጊያለሽ?"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝና በእንግሊዝኛ፣ "ዳዲ፣ ምንድን ነው የሚሉት?" አለች።

እንግሊዝኛዋ እንዳይበላሽ ብለን፣ እኔም እናቷም በአማርኛ አናግረናት አናውቅም። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ነበር ያሳደግናት። አዛውንቱ ይህን አያውቁም ነበር። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንተ፣ እናትህ ስትደውል ይቺ ልጅ ምን ትላታለች?" አሉኝ።

ዳይሬክተሩ እንድተረጉምላቸው ይጠብቃሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ስለ ሻዩ ያመሰግናሉ" አልኳቸው።

አዛውንቱን ቤታቸው አድርሰን ስንመለስ ልጄ፣ "ሽማግሌው ለምን አዘኑ?" ብላ ጠየቀችኝ። ያፈርኩትን ሁሉ፣ እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እንግሊዝኛዬ አልበቃኝም።