የእናት ፈቃድ

ልጄ ሥጋ መብላት ስታቆም ደስ ብሎን ነበር። ባለቤቴ “ልጅቷ ጾም ጀመረች” እያለ ለሰው ሁሉ አወራ። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት። ማንም ሳያስገድዳት ሥጋና እንቁላል ስትተው እንዴት አይኮራ? እሱ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ አሁን ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። እኔ ወተት መጠጣቷን አይቻለሁ። ቀስ በቀስ ትተወዋለች ብዬ ዝም አልኩ።

ነርስ ነበረች፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደማቸው በማሽን የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር። አንዲት ሕንዳዊት ታካሚ ወደ ጸሎት ቤቷ የሚያደርሳት ሰው አጥታ ልጄ በመኪናዋ ትወስዳት ጀመር። ሴትዮዋ ስትሞትም ልጄ መሄዷን አልተወችም። በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ሳሎን መሃል ቆመች፤ አፓርታማዋን ለቃ እዚያ ልትገባ እንደሆነ ነገረችን።

“እዚያ የት?” አለ አባቷ።

“አሽራም ይባላል ዳዲ። ገዳም እንደማለት ነው።”

“የማን ገዳም?”

“የሂንዱ።”

“ሃይማኖት ካማረሽ እኛ ቤተ ክርስቲያን የለንም?” አላት። መልሷን አልጠበቀም፤ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን ስለ እሷ መነጋገር ቀረ።

እኔ ግን መቅረት አልቻልኩም። የምሠራው ኤደን ፕሬሪ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በማሸግ ነው፤ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። ከቡርንስቪል ሮዝቪል ድረስ ድራይቭ አድርጌ እሄድ ጀመር። ባለቤቴ የት እንደምሄድ ያውቃል፤ ግን አይጠይቀኝም። ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ የመኪናዬ መስታወት በረዶው ተፍቆ፣ ሞተሩ ሞቆ አገኘዋለሁ። እሱም አይናገር፣ እኔም አላመሰግነው።

ቤቱ ቀድሞ የሉተራኖች ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ምእመኑ ሲያንስ ሸጡላቸው። በር ላይ ጫማ ይወለቃል። እኛም እናወልቃለን ብዬ በዚያ ትንሽ ተጽናናሁ። የሚኖሩበት ጥቂት ሴቶች ናቸው፤ ኃላፊያቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ሕንዳዊት ናቸው። ሁሉም “ማታጂ” ይሏቸዋል። ምን ማለት ነው ብዬ ልጄን ጠየቅኋት።

“እናቴ ማለት ነው” አለችኝና ወዲያው ፊቷ ቀላ። “ማሚ፣ ሁሉም ሰው ነው እንደዚያ የሚላቸው።”

ያን ቀን እስክመለስ ድረስ ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ፀሐይ ሳትወጣ ደወል ይደወላል፤ ይዘምራሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። አንዷ ወለል ትጠርጋለች፣ አንዷ አበባ ትጎነጉናለች። እኔን ወጥ ቤት አስገቡኝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እዚያ ቤት አይገባም፤ አእምሮን ያውካል ይላሉ። ያለ ሽንኩርት ምስር ስሠራ እጄ የሚገባበት ጠፋው። በዝንጅብል፣ በእርድና በቲማቲም አበሰልኩና ጨው ልቀምስ ማንኪያዬን ሳነሣ ልጄ ዘልላ እጄን ያዘችኝ።

“አይቀመስም! መጀመሪያ ለአምላክ ይቀርባል።”

“ታዲያ ጨው ቢበዛበትስ?”

“እሱ ይችለዋል” አለችኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ቤት ከለቀቀች በኋላ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

የእሷ ዋና ሥራ ሕፃኑን መንከባከብ ነበር። ሕፃኑ ከነሐስ የተሠራ ምስል ነው፤ አምላካቸው ገና በዳዴ ሲሄድ ማለት ነው። ጠዋት ትቀሰቅሰዋለች፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ወተት ታቀርብለታለች፤ ማታ ታስተኛዋለች። ብርዱ ሲጠና የሱፍ ሹራብና ቆብ ሠራችለት። አንድ ቅዳሜ እያጠበችው ሳለ ፎጣ ረሳች።

“ማሚ፣ እስክመጣ ያዥልኝ።”

እኔ ማተቤን ያልበጠስኩ ሰው ነኝ። ጣዖት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ልጄ ውሃ የሚንጠባጠብበትን ነገር በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች፤ እጄን ዘረጋሁ። ከመጠኑ ይልቅ ይከብዳል። ከውሃው የተነሣ ሞቋል። ሳላስበው አንገቱን በመዳፌ ደገፍኩት።

ፎጣውን ይዛ ስትመለስ አየችኝ። ተቀብላኝ ጠቀለለችው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ አርሳታለሁ እያልኩ ለብቻዬ የያዝኩት ነገር ነበር። ያን ቀን አበቃ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የአሽራሙን ጀማሪዎች ነጭ ልብስ ለብሳ ቤታችን መጣች። አባቷ ተቀምጦ ነበር። ሙሉ ስእለት ልትገባ እንደምትፈልግ፣ ማታጂ ግን ያለ ወላጅ ፈቃድ አልቀበልም እንዳሏት ነገረችን።

“እኔን አትጠይቂኝ” አለ አባቷ። ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ።

“እምቢ ብልስ?” አልኳት።

“እጠብቃለሁ።”

“እስከ መቼ?”

“እሺ እስክትይኝ።”

“ሳልልሽ ብሞትስ?”

“ማሚ፣ ፕሊስ” አለችና ፊቷን ሸፈነች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጥ ቤት አልገባሁም፤ በቀጥታ ማታጂ ዘንድ ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ሆነው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

“ለእኔ ብለው እርስዎ ይከልክሏት” አልኳቸው። “ከእርስዎ አፍ ከወጣ ትሰማለች።”

ማሻሸታቸውን ትተው እንዲህ አሉኝ፦ “እኔ እናቴን ሳልጠይቃት ነው ከቤት የወጣሁት። መንገድ ዳር ቆማ አላፊ አግዳሚውን ልጄን አይታችኋል ወይ ትል ነበር አሉኝ። ተመልሼ ስሄድ በሕይወት አልደረስኩባትም። ከእናት አንደበት ካልሰማሁ ማንንም የማልቀበለው ለዚህ ነው። አንቺ እምቢ ካልሽ እኔም እምቢ እላታለሁ። አልቀየምሽም።”

ቢቆጡኝ፣ ቢሰብኩኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩን መልሰው እኔው እጅ ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ልጄ አንድም ቀን አልጨቀጨቀችኝም። እየሄድኩ አብሬያት ድንች እልጣለሁ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች። እሺ ባልላትም ወደ እኔ እንደማትመለስ ያኔ ገባኝ። ነጭ ለብሳ፣ የእኔን አፍ እያየች እዚያው ልታረጅ ነው። አንድ ቀን ትልቁን ድስት እየፈተገች ሳለ ከኋላዋ ቆሜ፣ “ልጄ፣ እሺ” አልኳት።

ድስቱን እንደያዘች ጮክ ብላ አለቀሰች። ከዚያ በአማርኛ፣ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለችኝ።

በሥርዓቱ ቀን ባለቤቴ አልመጣም። ፀጉሯን ላጩት። መሬት ላይ ተቀምጣ ከሩዝ ትንንሽ ድቡልቡል እየሠራች ታስቀምጣለች፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ለሞቱ አያት ቅድመ አያቶች እንደሆነ ነገረችኝ።

“የመጨረሻው የማን ነው?” አልኳት።

“የራሷ” አለችኝ ቀስ ብላ። “ለቀድሞዋ እሷ።”

ልነሣ ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ። ልጄ በሕይወት እያለች፣ ዐይኔ እያየ፣ የራሷን ተዝካር ታወጣለች። ከዚያ ብርቱካናማ ልብስ አለበሷት፤ እኔ ያላወጣሁላትን ስም ሰጧት። ማታጂ ወደ እኔ ጠቆሟትና፣ “ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ሰው፣ ለአባቷም ቢሆን አትሰግድም። ለእናቷ ግን ትሰግዳለች” አሉ። መጥታ ግንባሯን እግሬ ላይ አደረገች። የተላጨውን ራሷን ዳሰስኩት። ምላጩ ከጆሮዋ በላይ ትንሽ ቧጥጧት ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ወጥ ቤት ሻይ ይጠጣል። ሳይጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሩዙን፣ ፀጉሯን፣ ስግደቱን። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር።

“ፍትሐት ነው” አለ። “እኛም ጋ ሲመነኩሱ በቁማቸው ይፈታላቸዋል።” ብርጭቆውን አጠበ፤ ንጹሕ ሆኖም ማጠቡን አላቆመም።

ሕንድ አገር ወዳለው ዋናው አሽራም እንደምትሄድ ስትነግረን፣ ኤርፖርት የማደርሳት እኔ ነኝ አለ። እንደደረስን ሻንጣዋን አወረደላት።

“እዛ ይበርዳል?”

“አይበርድም ዳዲ።”

ቢሆንም ወፍራም ካልሲ ገዝቶላት ኖሮ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ከዚያ ከፊቷ ቆሞ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ለእሷ ይሁን ፊቱን ለመደበቅ፣ እስካሁን አልጠየቅሁትም። በመስታወቱ በር ስትገባ ልብሷ ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ቀጥሎ ሰው መሃል ጠፋች።

ከሄደች ወዲህ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ድምፅዋ ደህና ነው። ቅዳሜ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት የምናውቃት ሴት፣ “ልጃችሁ እንዴት ናት? ጠፋች እኮ” አለችን።

“ሕንድ ሄዳለች” አልኩ።

“ለሥራ ነው?”

“አዎ” ልል ስል ባለቤቴ ቀደመኝ።

“መንኩሳለች” አለ።

የሴትዮዋ ፊት በራ፤ “እሰይ! መባረክ ነው! የትኛው ገዳም?”

“ሩቅ ነው” አለ።

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ይዞ ቀረ። መሪው ላይ ተደፍቶ፣ በትዳራችን ዘመን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አለቀሰ። ጀርባውን ያዝኩት። ሰዎች ልጆቻቸውን እየጫኑ በአጠገባችን ያልፋሉ፤ የሚያውቁን እጃቸውን ያወዛውዙልናል። ፓርኪንጉ ባዶ እስኪሆን እዚያው ተቀመጥን።