የፕሮሃስካ መስኮት

አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ባለው ሕንፃችን የማሞቂያው ጠባቂ ፕሮሃስካ፣ ምድር ቤት እየኖረ ሠላሳ ዓመት ሰደበን። ቤቶቻችንን የሚያሞቀው እንፋሎት መቀነሻ የለውም፤ በጥር ውርጭ ላብ ያጠምቀናል። መስኮት ገርበብ ያደረገ ሰው ግን ፕሮሃስካ በሩን በቡጢ ይደበድበዋል።

«ለወፍ ነው እንዴ የማሞቀው?»

ዘንድሮ ኮሚቴያችን ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ እንቀይር ሲል ያ ደረቅ ዘሎ ተነሳ።

«ሙቀት የሚያባክኑት እነዚህ ባለጌዎች እንጂ ማሞቂያዬ አይደለም!»

ኮሚቴው ባለሙያ አስመጣ። ሴትየዋ አንድ ማለዳ ለማንም ሳትናገር፣ ሙቀት በሚያሳይ ካሜራ ሕንፃውን ከመንገድ ማዶ አነሳችው። ፎቶውን ስብሰባ ላይ አሳየችን። መስኮቶቻችን በሙሉ ሰማያዊ ናቸው፤ ሙቀት የሚያፈሰው የምድር ቤቱ መስኮት ብቻ እንደ ፍም ቀልቷል።

«ይሄን ማነው የሚከፍተው?» አለች።

ፕሮሃስካ አቀረቀረ። በሙቀቱ ሁለቴ ራሷን ስታ የወደቀችው አሮጊቷ ጎረቤቴ ኦርፋ ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ፕሮሃስካ፣ ወፎቹ ሞቃቸው?»