ጭብጨባው ላይ መቁረጥ

ሳዑዲ፣ ጂዛን ከተማ ስቱዲዮ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ፣ ከፊሌ፣ ሦስት የቪዲዮ ማሽን አሳየኝ። ሁለቱ ማጫወቻ፣ አንዱ መቅጃ ናቸው፤ መሃላቸው ምስል የሚያቀላቅል ሚክሰር አለ። «ነካክተህ እንዳታበላሽብኝ» አለኝ።

ዓመት ሳይሞላኝ ሚክሰሩን ከእኔ በቀር የሚነካው ጠፋ። የሰርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽራውን ከኮከብ ቅርጽ ውስጥ አወጣዋለሁ፤ ምስሉን እንደ መጽሐፍ ገጽ እገልጠዋለሁ። ከፊሌ «ሙዓሊም» ይለኝ ጀመር። ባለሙያ ማለቱ ነው። እናቴ ካወጣችልኝ ስም ይልቅ እሱን ወደድኩት።

አንድ ጊዜ ጂዛን አጠገብ ባይሽ በሚባል ቦታ እርሻ ላይ የሚሠሩ የወሎ ልጆች የዘፈን ክሊፕ ሊያስሠሩ መጡ። ማሽላው ዳር ተደርድረው እያጨበጨቡ ሲዘፍኑ ቀረጽኳቸው። ካሴቱን ቆርጬ ስቀጥል ከእነሱ ጋር የመጣ ሰዒድ የሚባል፣ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ፍየል ጠባቂ ከጎኔ ተቀመጠ።

«አንተዬ፣ እጃቸው ሳይገጥም ምስሉን ለምን ትለውጠዋለህ?» አለኝ።

«ጋሼ ሰዒድ፣ ይሄ የማሽን ሥራ ነው።»

ከፊሌ ምን እንዳለ ጠየቀኝና ሳቀ። «ያላ፣ ይሞክራ!»

ተነሣሁለት። መቅጃው ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። እኔ ይህን ለመልመድ መንፈቅ ፈጅቶብኛል። ሰዒድ ግን እጆች ሲከፈቱ ይጫናል፤ እጆች ሲገጥሙ ምስሉ ይለወጣል። ኮከብ የለ፣ ገጽ የለ፤ ከፊት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ እጅ፣ በደረቁ እየቆረጠ በአንድ ጠዋት ጨረሰው።

«ማሻአላህ! ሙዓሊም ሰዒድ!» አለ ከፊሌ።

ቀናሁ ብል ያንሳል። ወንበሬን፣ ስሜን፣ ሁሉንም ወስዶ ወደ ፍየሎቹ የሄደ መሰለኝ።

በማግስቱ እሱ የቆረጠበትን ቦታ ሁሉ በሚክሰር አንዱን ምስል ቀስ እያደበዘዝኩ ወደ ሌላው አቀለጥኩት፤ መሸጋገሪያ የምንለው ነው። አዲሱን ሥራ በእሱው ካሴት ላይ ቀዳሁበት። ቆንጆ የሆነ መሰለኝ፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈለግሁ።

ዓርብ ዕለት ልጆቹም ሰዒድም መጥተው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ዘፈኑ ሲጀምር አብረው አጨበጨቡ። የእኔ መሸጋገሪያ ሲመጣ ግን ስክሪኑ ላይ አራት እጅ ታየ፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ሁለቱ ይከፈታሉ። የተመልካቾቹ ጭብጨባ ተዘባረቀ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተዉት።

ከልጆቹ ዋናው ዘፋኝ ዘወር አለ። «ሰዒድ፣ ምነው አበላሸኸው? ሠራሁት ብለኸን አልነበር?»

ሰዒድ እኔን አየኝ። አውቋል። እኔ ካሴቱን ለማውጣት ወደ ማሽኑ ዞርኩ።

«አዲስ አይደለሁ? እጄ ስቶ ነው ወላሂ» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮም «አብሽር፣ አንተ ታስተካክለዋለህ» አለኝ።

በዚህ ደግነቱም ቀናሁበት።

ክሊፑን ልክ እሱ እንደቆረጠው አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ሰዎቹ ወደዱት፤ ባለሙያ ማለት አንተ ነህ አሉኝ። ከፊሌም መልሶ ሙዓሊም አለኝ፤ እኔም አቤት አልኩ። ሰዒድ ከዚያ ወዲያ ስቱዲዮ መጥቶ አያውቅም። እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም።

መሸጋገሪያ የሚገባው ቦታ ወይም ጊዜ ሲለወጥ ነው። ጭብጨባ ላይ በደረቁ ይቆረጣል፤ ቁልፉም እጅ ሲከፈት ይጫናል። ይህን ያወቅሁት ከሰዒድ ነው።