የባቻ ሦስት ጭረት

ነቀምቴ ውስጥ የባቻ እጅ ያልገባበት ቤት አልነበረም፤ ባቻ ራሱ የገባበት ቤት ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ማጭዱና ቢላው በየጓዳው ይዞራሉ። እሱ ግን ቱምቱ፣ ማለት የብረት ቀጥቃጭ ዘር ነውና ከደጃፍ አያልፍም። ውኃ ሲጠማው ከሩቅ በመዳፉ ላይ ያፈሱለታል እንጂ ጣሳ አይሰጡትም። ሰዉ እሱ በሳለው ቢላ ሥጋውን ቆርጦ ይበላና፣ አፉን ጠርጎ «ቡዳ ነው» ይለዋል። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ያፈረ ሰው ግን አልነበረም።

ጊዜው ጃንሆይ ዙፋን ላይ ያሉበት፣ አውቶቡስም በሲሬ በኩል ነቀምቴ መግባት የለመደበት ዘመን ነበር። በአውቶቡሱ ከመጣው ዕቃ ሁሉ የባቻን ልብ የወሰደው የእጅ ባትሪ ነው። አንድ የተሰበረ አግኝቶ ፈታታው፤ ገጣጠመው፤ ደግሞ ፈታታው። ከዚያ የዘይት ጣሳ እየቆረጠና እየጠቀለለ፣ በእርሳስ እየበየደ የራሱን ይሠራ ጀመር። አንጸባራቂውን እስኪያበራ በአመድ ይወለውለዋል፤ አምፖሉና ድንጋዩ ብቻ ከሱቅ ይመጣሉ። ሥራው እንደ ባለቤቱ ነበር፦ ለዘበኛ እንደ ቆመጥ የሚረዝም፣ ለበቅሎ ነጋዴ ከኮርቻ የሚንጠለጠል፣ እጇ ትንሽ ለሆነች ሴት ቀጠን ያለ።

ትዕዛዝ የሚቀበለውና የሚሸጠው ከሸዋ መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተው አበጋዝ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነጋዴ ነበር። ደንበኛ «የት ነው የሚሠራው?» ሲለው ዓይኑን ሳያሽ «አስመራ» ይላል። ደንበኛውም «የሠራውን እጅ ይባርከው!» ብሎ ይሄዳል። ባቻ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ይህን ይሰማል። ያልተወለደ የአስመራ ሰው ምርቃቱን ሁሉ ጠቅልሎ ወሰደበት።

አንድ ቀን አላስችል ሲለው «አቶ አበጋዝ፣ ምልክቴን ላድርግበት» አለ።

«አንተ ባቻ፣ ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። የቱምቱ እጅ መሆኑ ከታወቀ ማን ይነካዋል?»

«ማጭዴን ይነኩት የለ?»

«ማጭድ ድሮም የቱምቱ ነው። ይሄን የወደዱት የፈረንጅ ሥራ መስሏቸው ነው። ተው ብዬሃለሁ።»

ባቻ ቤቱ ሄዶ ሲያስብ ዋለ። አባቱ ማጭድ ሲሠራ፣ እጀታው ውስጥ በሚገባው የብረት ጭራ ላይ ሦስት ጭረት ያደርግ ነበር። እጀታው ከገባ በኋላ የሚያየው የለም። አባትየው ስሙን የሚያኖርበት ሌላ ቦታ አልነበረውም፤ ያችው ትበቃው ነበር። ባቻም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ሦስቱን ጭረት ከባትሪው የታች ክዳን ውስጥ ቀረጸ። ሚስቱ ሎሚ አየችና «አልሸሹም ዞር አሉ» ብላ ሳቀችበት።

ሳቋ ልክ ነበር። የማጭድ እጀታ እስኪሰበር ዓመታት ያልፋሉ። የእጅ ባትሪ ግን ድንጋዩ ባለቀ ቁጥር ይከፈታል። ይህን የገዛው ሁሉ ያውቃል፤ የሠራው ብቻ ሳያስበው ቀረ።

ነገሩን ያወጣው ተረፋ የሚባል የነቀምቴ ዙሪያ ገበሬ ነው። የተሰበረ የማጭድ እጀታ ሲቀይር ጭራው ላይ ሦስት ጭረት አይቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የባትሪውን ክዳን ቢከፍት እነዚያው ሦስት ጭረቶች ቁጭ ብለዋል። በገበያ ቀን ሱቁ ደጃፍ ቆሞ «የአስመራችሁ ሰው የኛው ቱምቱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ባትሪ የገዛ ሁሉ ክዳኑን ይከፍት ገባ። አበጋዝ ባቻን አስጠራና ሞረድ አስጨብጦት በጆሮው «ሥራው የኔ አይደለም በል። አንድ ሌባ ምልክቴን ሰርቆ ነው በልና እፊታቸው ሞርደው። እኔ ሌላውን እጨርሰዋለሁ» አለው።

ባቻ ክዳኑን አየ፤ ሞረዱን አየ። እንጀራው እዚያ ላይ እንዳለ ያውቃል። ጭረቱን ቢሞርድ ግን አባቱን የሞረደ መሰለው።

«የኔ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «የአባቴ ምልክት ነው።»

ሰዉ ባትሪውን ባንኮኒው ላይ እየወረወረ ሄደ። ጥቂቶች ግን ያበራልና በኪሳቸው ከተቱት። አበጋዝ ከዚያ ቀን ወዲያ ትዕዛዝ አልተቀበለለትም። ባቻ ወደ ማጭዱ ተመለሰ፤ አዘነ፣ ተናደደም። የቆረጣቸው ጣሳዎች ጥግ ላይ ዛጉ። «ተናገርክ እንጂ አልሞትክ!» ትለዋለች ሎሚ፤ እሱ ግን ማጭዱን ይቀጠቅጣል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንዲት ሴት በጠራራ ፀሐይ ወደ ደጃፉ መጣች። ቀለሟ ትባላለች፤ ከሲሬ እስከ ነቀምቴ የታወቀች አዋላጅ ናት።

«አካም ኦልታኒ? እንዴት ዋላችሁ? የአስመራው ሰው ቤት ይሄ ነው?» አለች።

ባቻ ሳይወድ ሳቀ። «ይሄው ነው፣ አዴ ቀለሟ።»

«ባትሪዬን ወንዝ ወሰደብኝ። እንደዚያው ቀጠን አድርገህ ሥራልኝ። ጭረቱን ግን ከውጭ አድርገው፣ አውራ ጣቴ ከሚያርፍበት። በጨለማ ስፈልገው ልዳብሰው።»

«ሰው ያየዋል።»

«ይየው! ስንቱን ሕፃን ተቀብዬበታለሁ፤ አንዱንም ቡዳ አልበላው።» ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና «ውኃ ስጪኝ፣ ሎሚ» አለች።

ሎሚ ማሰሮውን ይዛ ወጣች፤ እንደ ልማዷም በእንግዳዋ መዳፍ ላይ ልታፈስ ጎንበስ አለች። ቀለሟ እጇን አልዘረጋችም።

«ጣሳ የላችሁም እንዴ?»

ሎሚ ባሏን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ገብታ የራሳቸውን መጠጫ፣ ባቻ የሠራውን ጣሳ፣ አጥባ አመጣች። ቀለሟ እስኪያልቅ ጠጣችበት። አፏን ጠረገችና ጣሳውን ገልብጣ ከሥሩ ፈለገች፤ ምንም የለም።

«እዚህኛውስ ላይ ምልክትህን ለምን አላደረግክም?» አለችው።

ባቻ ጣሳውን ከእጇ ተቀበለ።

«ከኛ ሌላ ሰው ይጠጣበታል ብዬ አስቤ አላውቅም» አላት።