ካፒታኖው ዓይኑን የሚጨፍንበት ሙዚቃ

ይህ የሆነው ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። አሁን አርጅቼ ብዙ ነገር ይጠፋኛል፤ ይኼኛው ግን ቂም ስለሆነ አልጠፋኝም።

ባሌን ታደሰን ከቤታችን አስወጥቶ ያስረሸነው አንድ ካፒታኖ የሚሉት የጣሊያን ሻምበል ነበር። ፊቱን በደንብ አይቼዋለሁ፤ እሱ ግን ወደ እኔ ዞር ብሎም አላየ። ሬሳውን ከለከሉን፤ ለቅሶ መቀመጥም አልተፈቀደልንም። እንባዬ እዚያው ደረቀ።

ካፒታኖው ቀራንዮ አካባቢ ቤት ይዞ ልብስ አጣቢ እንደሚፈልግ ስሰማ ስሜን ለውጬ ተቀጠርኩ። ጫካ ለገባው ለባሌ ወንድም ለደምሴ፣ "አጠገቡ ነኝ፤ ቀኑን እነግርሃለሁ" ብዬ ላክሁበት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ፣ ካፒታኖው በረንዳው ላይ ሸክላ አስጮኸ። እንደዚያ ያለ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም። ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው! መቶ ማሲንቆ አንድ ላይ የሚገዘገዝ መሰለኝ። "ይኼ ደግሞ የምን ጩኸት ነው?" ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ዝም አለና አንዲት ክር ብቻዋን ቀረች። ቀስ ብላ ወጣች፣ ወረደች፣ ተንቀጠቀጠች። ቃል ባይኖራትም ሙሾ መሆኗ ገባኝ። ለታደሰ ማንም ያላወረደለት ሙሾ። መሬት ላይ ተቀመጥኩና የዚያኑ የገዳዩን እርጥብ ሸሚዝ ፊቴ ላይ አድርጌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ወጥ ቤቱ ጋሽ በዳኔ ሮጠው መጡ። "ምን ሆንሽ ልጄ? ያይሻል እኮ!"

አይቶኛል። ሳቀና በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። ጣሊያንኛ የሚሰሙት ጋሽ በዳኔ አንገታቸውን ደፉ።

"ምን አለ?" አልኳቸው።

"ተይው ይቅርብሽ።"

"ይንገሩኝ እንጂ!"

"'ለካ እነዚህም ነፍስ አላቸው' ነው የሚለው።"

እንባዬ ቀጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣበት እሑድ ሁሉ እየጠራ በረንዳው ጥግ ያስቀምጠኝ ጀመር። ሳለቅስ ሊያሳያቸው ነው። እነሱ የእኔን ፊት ሲያዩ እኔ የእሱን አያለሁ። ያቺ ክር ብቻዋን ስትቀር ዓይኑን ይጨፍናል፤ እስክታበቃም አይገልጥም።

ለደምሴ ይህንኑ ላክሁበት። "የሚመጣው እሑድ እንግዳ የለበትም። ሸክላው ሲጀምር አጥሩ ሥር ሁኑ። አንዲት ክር ብቻዋን ስታለቅስ ግቡ።"

የዚያን ዕለት ዘበኛው ምሳውን ሊበላ ገብቶ ነበር። ክሯ ጀመረች። ካፒታኖው ዓይኑን ጨፈነ። ደምሴና ጓደኞቹ በባሕር ዛፉ በኩል ገቡ፤ ካፒታኖው ዓይኑን ሲገልጥ አፈሙዝ ግንባሩ ላይ ተደግኗል። ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሽ በዳኔ፣ ይንገሩልኝ" አልኩ። "እሱ ያስረሸነው የታደሰ ሚስት ነኝ።"

ነገሩት። ፊቱ አመድ ሲመስል ቆሜ አየሁ። ጠግቤ እስካይ ድረስ ደምሴም ጠበቀኝ። ከዚያ ተኮሰ። እኔም ጋሽ በዳኔም እነሱን ተከትለን ጫካ ገባን።

ዛሬ ሬዲዮ ላይ እንደዚያ ያለ ሙዚቃ ሲመጣ የደምሴ ልጆች ሊዘጉት ይነሳሉ። "ተዉት" እላቸዋለሁ። ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ ለታደሰ ብቻ።

የንስሐ አባቴ፣ "ያንን ሰው ይቅር በይውና ነፍስሽ ትረፍ" እያሉ ይመክሩኛል። እኔም፣ "አባቴ፣ በሌላው ሁሉ ያናዝዙኝ" እላቸዋለሁ። ፈጣሪ ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ። የዚያን ቀን ደስታዬን ግን አልመልስም።