በጠፍር የታሰረው ሞተር

በጃንሆይ ጊዜ ባሌ ቡራዩ ወፍጮ ቤት መካኒክ ነበር። ሳንጋባ በፊት ምጽዋ ወደብ ሠርቶ ሰርጓጅ መርከብ አይቷል፤ ያየው ነገር እንቅልፍ ነሳው። ሁለት የናፍጣ በርሜል አጋጥሞ በየደ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና የማስነሻ ሞተርና ባትሪ ፈታ። ከከተማው በላይ ድንጋይ የወጣበት፣ ክረምት ውሃ የሚሞላው ጥልቅ ጉድጓድ አለ። እዚያ ካልጠለቅኩ አለ።

«ምን ያስፈራሻል?» እያለ ይስቃል። ኧረ ወዲያ! ውሃ እያሳሳቀ አይደል የሚወስደው?

እኔን የበለጠ ያስፈራኝ ጠፍሩ ነበር። የሞተሩ ዘንግና ውሃውን የሚገፋው ማራገቢያ ዘንግ ልክ ለልክ አልገጥም ቢሉት፣ እንደ ሞፈርና ቀንበር በበሬ ቆዳ ጠፍር አሰራቸው። ብረት ይንቀጠቀጣል፣ ጠፍር ግን ይታዘዛል አለ። እውነቱን ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ሲሞክረው ደህና ዞረ። «ጠፍር ውሃ ሲነካው ይላላል እኮ፤ የገበሬ ልጅ አይደለሁም እንዴ?» ስለው፣ «ውሃ የት አግኝቶት?» አለኝ። ሽቦውም ባትሪው ላይ እንዲሁ ተጠምዝዞ የታሰረ ነው። ፊውዝ የለው፣ ማጥፊያ የለው!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ከጎረምሶች ጋር በርሜሉ የታሰረበትን ገመድ ያዙ። ባሌ ገባ፣ ክዳኑን ከውስጥ ጠረቀመው፣ ድንጋይ የተጫነበት በርሜል ሰጠመ። ሰው እልል አለ። እኔ ዓይኔን ከገመዱ አልነቀልኩም።

ወዲያው ከታች ብረት ሲደበደብ ተሰማ። ኳ! ኳ! ኳ! ሰው የደስታ መስሎት በምቱ ልክ ያጨበጭብ ጀመር። «የጭንቅ ነው! ሳቡት!» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ይስማኝ? የሽማግሌውን ጋቢ ጨምድጄ ወዘወዝኳቸው። «ኦቦ፣ ባሌን ይሳቡልኝ!»

«ያ ዋቃዮ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩና ሳቡ። በመሃል ኳኳታው ቆመ። እኔም ገመዱን ይዤ አብሬ ሳብኩ።

ክዳኑ በዲጅኖ ተፈልቅቆ ተከፈተ፤ ጭስና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ወጣ። በዘንጉ ቀዳዳ የገባው ውሃ ጠፍሩን አርሶታል። የላላው ጠፍር ሲወነጨፍ ሽቦውን ነቅሎ ከበርሜሉ ብረት ጋር አገናኝቶታል። ባሌ የጋለውን ሽቦ በእጁ ሲያላቅቅ መዳፉ ተልጧል። ሣሩ ላይ አስተኙት። ሳለ፣ አስመለሰው፣ ቀና ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ?

«በብረት ነበር ማሰር!»

በጥፊ አጮልኩት። ሴት ባሏን፣ ያውም በአደባባይ! ሰው ጉድ አለ። ሽማግሌው ሁለት አዛውንት ጠርተው እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሊያስታርቁን ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ባልሽ ምን በደለሽ?» አሉኝ።

ባሌ የተላጠ እጁን ታቅፎ ያየኛል። እኔ እንባዬ ይወርዳል።

«ሞተብኝ» አልኳቸው።